መረጃ ሰጪ ቁጥር ሰባት

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፤ አዳራሹ ጢም ብሏል፣
የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል፣
ባነሩ በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ተሰቅሏል፦
«የዓለም ፖለቲካ፣ ታሪክና ባህል፤ ሕዝባዊ ገለጻ፣ ዙር አራት»።
ማይክ አዟሪው እኔ ነኝ፤ ቆሜአለሁ በመስኮቱ ጥጋት፣
ውጭ ዘንባባው ይወዛወዛል፣
ከዘንባባው ወዲያ ጣና፣ በላዩ የእምቦጭ ግዛት።

ዶክተር ውባለም ጀመረች፤ ድምጿ ረጋ ያለ፦
በርሊን ላይ አፍሪካ በማስመሪያ ስትሰመር
ከጠረጴዛው ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ፤
ቀዝቃዛው ጦርነት በግድብ ብድር በኩል እንዴት እንደሞቀ፣
የውሃ ውል ሲፈረም፣ የምንጩ ሰው ከክፍሉ
ስንት ሺህ ማይል እንደራቀ።
እኔ ሁለቴ አዛጋሁ፤ ምሳ አልበላሁም።
ንግግሯን በቃሌ አውቀዋለሁ፤
ግማሹን ከመቅጃ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤
ስሜን ባትጠራ አልተቀየምኩም።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ወጣች፣ በነጭ ፊደል፣ በሰማያዊ ላይ፦
«ውሃ ጎረቤት እንጂ ባለቤት የለውም።»
ከሥሯ በደቃቁ፦ መረጃ ሰጪ 7፤ ወንድ፤ ዕድሜ 68፤ የሐይቅ ዳር ነዋሪ።
ሰዉ ራሱን ነቀነቀ።
ከፊት ረድፍ አንድ የታሪክ መምህር ማስታወሻው ላይ ገለበጣት፣
ሁለት ተማሪዎች በስልካቸው አነሷት፤
«ተመልከቱ» አለች ውባለም፣
«ዲፕሎማቶች በመቶ ዓመት ያላገኟትን
አንድ ታንኳ ሠሪ፣ ደንገል እየጎነጎነ፣ በአንድ ትንፋሽ አገኛት።»

በበሩ በኩል፣ ከመጨረሻው ወንበር፣ ጋሽ እንድሪስ ተቀምጠዋል።
የጥሪ ወረቀቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤
አራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይዘውታል።
ጫማቸው በጭቃ ርሷል፤
ከጥበቃው ጋር ተከራክረው እንደገቡ ኋላ ሰማሁ፤
«የተጠራሁ ነኝ» ብለዋል።
ስክሪኑን አላነበቡም፤ አጠገባቸው ያለችው ልጅ አነበበችላቸው፤
የገዛ ቃላቸውን ከሰው አፍ ሰምተው፣ ግር አላቸው።

ጥያቄ ሲፈቀድ አንድ እጅ ተነሣ፣
ደንገል የሸነታተረው፣ ቶሎ የማይወርድ እጅ።

«ሰባት ያልሽኝ እኔ ነኝ፤ እንድሪስ እባላለሁ፣
ቃሉም ከአፌ ወጥቷል፤ አልክድም፣ ብያለሁ።
ግን ልጄ፣ ማሰሪያው የለም።
ታንኳም ማሰሪያው ከተፈታ ደንገል ነው፣ ታንኳ አይባልም።
ሎጅ ሊሠሩ መሬቱን ሲለኩ፣ ካስማ ሲተክሉ፣
እኛን ከዳር ሲያስነሡ፣ ባለወረቀቶቹ ናቸው ያንን ቃል ያሉ፤
'ምናችሁ ተነካ? ውሃ ጎረቤት እንጂ ባለቤት የለውም' ይሉናል፣
ብዬ ነው ለዚህ ልጅ የነገርኩት።»

ዞረው አዩኝ።
ማይኩ በእጄ ነው፤
ትንፋሼ በአራቱም ድምፅ ማጉያ ወጣ።

አንዳንዶች አጨበጨቡ፤ ለማን እንደሆነ አልገባኝም።
«ይቅርታ» አለች ውባለም፤
የእሷ ማይክ ተዘግቶ ስለነበር ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አልተሰማም።
ቃሉ ስክሪኑ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ፤ የሚያወርደው ጠፋ።
ቀጣዩ ጠያቂ ስለ አውሮፓ ምርጫ ጠየቀ።

ማታ ቤቴ መቅጃውን ከፈትኩ።
ዘጠነኛው ደቂቃ፦ የሚሰነጠቅ ደንገል፣ አንድ ዶሮ፣
የእኔ «እሺ፣ እሺ» የሚል ጥድፊያ፤
ባጃጁ ውጭ ይጠብቀኝ ነበር።
ቃሉ መጣ፤ ከኋላው ቱሪስት የጫነች ሞተር ጀልባ።
ያኔ እዚያች ቦታ ላይ «የማይሰማ» ብዬ ጽፌ ነበር፤
ቀጥሎ እሱንም ሰረዝኩት፤
ዓረፍተ ነገሩ ያለ እሱ ያምር ነበር።

ስድስተኛ ክፍል፣ ማሰሪያ አንቀጽ የረሳሁ ቀን
መምህሬ ጆሮዬን ቆንጥጠውኛል።
ያንኑ ጆሮ አስጠጋሁ። መለስኩት። ደግሜ መለስኩት።
በአራተኛው፣ ከሞተሩ ሥር፣
ቀጭን፣ ግን ያልተቆረጠ፦
ይሉናል።